ትልቅ ሬቲንግ ያለውን ቡድን ይዤ ሁሌ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ይሄ ኦቨርኦል የሚሉት ነገር እንዴት ነው የሚሰላው?

ማርቆስ_23

ሰላም የቤቱ ሰዎች እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ፣ ስለነደደኝ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ሰፈራችን ሁለት ፒኤስ ፎር ያለው ጌም ቤት አለ፣ አንደኛው ላይ ቀን ከሌት ፊፋ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ግን ባለቤቱ ራሱ ቅርጫት ኳስ ወዳድ ስለሆነ ኤንቢኤ ቱኬ 20 የሚባለውን የአሜሪካ ሊግ የቅርጫት ኳስ ጌም ጭኖበታል። ህጉ ያው እንደየትም ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል። እኔ ቡድን ስመርጥ ሁሌም ኦቨርኦሉ፣ ማለት ለተጫዋቹ የሚሰጠው ጠቅላላ ቁጥር፣ ትልቅ የሆነውን ነው የማነሳው፣ ሌብሮን 97፣ ካዋይ 97፣ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብዬ። ጓደኛዬ ደግሞ ስማቸውን በቅጡ የማላውቃቸውን ልጆች ይዞ ይመጣና ጥግ ጥግ ላይ እያቆመ በሶስት ነጥብ ይጨርሰኛል። ባለፈው ቅዳሜ ብቻ አራት ጊዜ አከታትሎ አስከፈለኝ፣ የሳምንት የሻይ ብሬ በአንድ ከሰዓት አለቀ።

እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ቤቱ ሰው ሳይሞላ ሄድኩና ባለቤቱን አስፈቅጄ ደብተርና እስክብሪቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንድ ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተውን ረጅም ሰው) መረጥኩና ዝርዝር ቁጥሩን አንድ በአንድ ገለበጥኩ፣ ሶስት ነጥብ ስንት፣ ፍሪ ትሮው ስንት፣ ኳስ አያያዝ ስንት፣ ሪባውንድ (የሳተ ኳስ መያዝ) ስንት፣ ብሎክ (የተተኮሰ ኳስ መመከት) ስንት፣ ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ዝላይ፣ ከሰላሳ በላይ ነው። ደመርኩት፣ አካፈልኩት። የወጣልኝ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ካለው ኦቨርኦል በ15 ምናምን ያንሳል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና በሞባይል ካልኩሌተር ደመርኩት፣ ያው ነው። ባለቤቱ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ "አንተ ልጅ ማትሪክ ላይ እንደዚህ ብትሠራ ኑሮ የት በደረስክ" አለኝ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ኦቨርኦል ከየት ነው የሚመጣው? ማነው ቁጥሩን የሚሰጠው? 97 ይዞ የሚያሸንፍ ካልሆነስ ቁጥሩ ለምን ተጻፈ? እኔ እንደመሰለኝ ጌሙ ይዋሻል።

የቡሬው

ሃሃሃሃ ወንድምዓለም ችግሩ የሌብሮን ኦቨርኦል አይደለም፣ ያንተ ጣት ኦቨርኦል ነው። ጣትህ 40 ከሆነ ሌብሮን ምን ያርግልህ፣ ማረስ ለማይችል ሰው ጥማድ በሬ እንደመስጠት እኮ ነው። ለማንኛውም የአራቱን ጨዋታ ከፍለሃል ወይስ በዱቤ አስይዘኸዋል?

ጣና ዳር

የቡሬው በሬ ካነሳህ አይቀር እኔም በበሬ ላስረዳ። ባህር ዳር ነው የምማረው፣ ትምህርቴ ሶፍትዌር ነው፣ አባቴ ግን ገበሬ ነውና በሬ ሲሸጥ አብሬው ገበያ ብዙ ውያለሁ።

አንድ በሬ ገበያ ወጣ እንበል። ገበሬ ይመጣል፣ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውን ይዳስሳል፣ ቀንበር ለምዷል ወይ፣ ግራ ነው ቀኝ የሚጠመደው ብሎ ይጠይቃል፣ ትንሽ ነዳ አርጎ አረማመዱን ያያል። ቀጥሎ ስጋ ነጋዴ ይመጣል። እሱ ቀንበሩ ምን አገባው፣ ጎኑን ጫን ጫን እያረገ ሥጋና ስቡን ነው የሚገምተው። ሁለቱ አንድ በሬ አይተው የሚጠሩት ዋጋ ሰማይና ምድር ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ደግሞ የጥርሱን የሻኛውን የጭራውን ሁሉ ደምረው ለብዛቱ አያካፍሉም።

ኦቨርኦልም እንደዚሁ ነው። አማካይ አይደለም። ጌሙ መጀመሪያ ይሄ ሰውዬ ምን ቦታ ነው የሚጫወተው ብሎ ይጠይቃል፣ ከዛ ለዛ ቦታ የሚፈለገው ችሎታ ላይ ብዙ ክብደት ይጭናል፣ የማይፈለገው ላይ ትንሽ፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ምንም። በቁጥር እናርገው፣ ቁጥሮቹ ከኪሴ ናቸው የጌሙ አይደሉም፣ ለማስረዳት ያህል ነው። ሶስት ነጥብ 40፣ ሪባውንድ 95፣ ብሎክ 90 የሆነ ሰውዬ አለ። እንዳንተ ደምረህ ብታካፍል 75 ነው። አሁን ሴንተር ነው እንበልና ከአስር ክብደት ለሶስት ነጥብ አንድ፣ ለሪባውንድ አምስት፣ ለብሎክ አራት እንስጥ፣ 40 ሲደመር 475 ሲደመር 360፣ 875 መጣ፣ ለአስር ሲካፈል 87 ተኩል። ያንኑ ሰውዬ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራው) አርገውና ለሶስት ነጥብ ስድስት፣ ለሁለቱ ሁለት ሁለት ስጥ፣ 61 ይሆናል። 87ም 61ም 75ም አንድ ሰው ነው።

አንተ የገለበጥከው ሴንተር ላይ ወደታች የጎተተህ ሶስት ነጥቡ፣ ኳስ አያያዙና ኳስ ይዞ የሚሮጥበት ፍጥነቱ ነው፣ እነሱ ለሴንተር ብዙም አይቆጠሩም፣ አንተ ግን እኩል ቆጠርካቸው። ማረጋገጥ ከፈለክ ክሪኤት ፕሌየር (የራስህን ተጫዋች የምትሠራበት) ውስጥ ገብተህ አንድ ረጅም ሰው ሥራና ምንም ሳትነካ ቦታውን ብቻ ቀይር። ፊፋም እንዲሁ ነው፣ ተከላካዩን አጥቂ ብታረገው ቁጥሩ ይወርዳል፣ እዛ ላይ ግን ማንም ደምሮ ስለማያይ ልብ አይባልም።

ሌላው፣ ሚዛኑ ከዜሮ አይጀምርም። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ከ25 እስከ 99 ነው፣ ኦቨርኦል ላይ ስትመጣ ደግሞ ኤንቢኤ ድረስ የደረሰ ሰው በዓለም ላይ ካሉት ምርጦች ስለሆነ አብዛኛው 70ዎቹ ውስጥ ነው የታጨቀው። ስለዚህ በ75 እና በ85 መሀል ያለው አስር ቁጥር ፈተና ላይ 75 እና 85 እንደማምጣት አይደለም፣ አንዱ ተቀያሪ አንዱ የቡድኑ ምሰሶ ነው። ያኒስን ተመልከተው፣ ያንተው ቱኬ 20 ላይ 96 ነው፣ በዛ ሲዝን ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፣ ሶስት ነጥብ ሲሞክር ግን ከአስር ሶስት ነበር የሚያገባው። ያኒስን ይዘህ ከሩቅ የምትተኩስ ከሆነ 96ቱን ትተህ 30ውን ነው የምትጫወትበት።

የእንጅባራዋ

ጣና ዳር ያልከው ልክ ነው ግን ግማሹን ነው ያልከው። እሺ ኦቨርኦሉ እንዴት እንደመጣ ገባው፣ ለምን እንደሚሸነፍ ግን ገና አልገባውም።

ማርቆስ ልጠይቅህ፣ ጓደኛህ ጥግ ላይ የሚያቆማቸው ልጆች ዝርዝራቸውን ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ? እኔ ከወንድሜ ጋር ቤት ላፕቶፕ ላይ ነው የምጫወተው (ጌም ቤት ከገባሁ "እህቴ ካፌው በዛ በኩል ነው" የሚል አይጠፋም) እና የማረገው እሱን ነው። ኦቨርኦሉ 76 ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ውስጥ ስትገባ ግን ሶስት ነጥቡ 85 ነው፣ ባጅ ደግሞ አለው። ባጅ ማለት ነሐስ ብር ወርቅ እና ሆል ኦፍ ፌም እየተባለ የሚደረደረው ነው፣ አንዱ ከጥግ ሲተኩስ ይረዳዋል፣ አንዱ ኳስ ተቀብሎ ሳያነጥር ወዲያው ሲለቅ ይረዳዋል። ጓደኛህ ያንን ልጅ ጥግ አቁሞ ኳስ አቀብሎ ወዲያው ይለቃል፣ በቃ፣ ልጁ የሚችለው ያቺን አንዲት ነገር ነው፣ እሱም ያቺን ብቻ ነው የሚያሠራው። አንተ ሌብሮንን ይዘህ ምን እንደምታረግ ልንገርህ? ከመሀል ሜዳ ትነሳለህ፣ ሶስት ሰው ታልፋለህ፣ ሲደክም ትተኩሳለህ።

ድካም ስልህ ቀልድ አይደለም። ከስሙ ሥር ያለችው መስመር ስታልቅ ቁጥሩ ሁሉ አብሮ ይወርዳል፣ አራተኛ ሩብ ላይ ያለው ሌብሮን 97ቱ ሌብሮን አይደለም። እጅ ፊቱ ላይ ተዘርግቶም ያው ነው። ትልቅ የሹት ቁጥር ማለት ሁሉም ይገባል ማለት አይደለም፣ ቁልፉን የምትለቅበት ጊዜ ይሰፋልሃል ማለት ነው፣ ትንሽ ብትቀድም ትንሽ ብትዘገይም ይምርሃል። በጣም ከዘገየህ ግን 99ም ይስታል፣ በልኩ ከለቀቅክ 70ውም ያገባል። ያ ጊዜ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል ምክንያቱም የሁሉም አተኳኮስ ራሱን ተመስሎ ነው የተሠራው፣ ስቴፈን ከሪ ቶሎ ይለቃል፣ በሱ የለመደ እጅ ሌላውን ሲይዝ አምስት ስድስት ኳስ ይስታል። እኔ ከአንድ ቡድን የማልወጣው ለዚህ ነው፣ ወንድሜ "አንች ደግሞ ሌላ ቡድን የለም እንዴ" እያለ ይሰለቸኛል፣ ይሰልች።

ደግሞ ማንም የማያየው ቴንደንሲ የሚባል አለ። ሬቲንጉ ምን ያህል ይችላል ነው፣ ቴንደንሲው ምን ያህል ጊዜ ያረገዋል ነው። አንተ በጆይስቲክ የያዝከው ሰው ላይ ምንም አይሠራም፣ አንተ ነህ የምትወስነው፣ ቀሪዎቹን አራቱን ግን ኮምፒውተሩ በሱ ነው የሚነዳቸው። ለዚህ ነው አንዳንዱ ጥግ ሄዶ ቆሞ የሚጠብቅህ፣ አንዳንዱ ደግሞ ቅርጫቱ ሥር ገብቶ መንገድ የሚዘጋብህ። አምስት ትልልቅ ስም ሰብስበህ ሁሉም ኳስ ፈላጊ ከሆኑ ሠርግ ቤት አምስት አዝማሪ በአንዴ እንደማቆም ነው፣ ማን ይስማ?

የቡሬው

እህቴ አንች ቡሬ ነይና እኔን አሰልጥኝ። የሻዩን እኔ።

መምህሩ

ሰላም ልጆች። እኔ ጌሙን ልጄ ሲጫወት አያለሁ እንጅ አልነካውም፣ ግን ቢቸና አካባቢ ስፖርት ሳስተምር ሃያ ምናምን ዓመት ሁኖኛልና ሁለት ነገር ልበል።

"ማነው ቁጥሩን የሚሰጠው" ላልከው፣ ሰው ነው የሚሰጠው ልጄ። ኩባንያው ውስጥ ሥራቸው ይሄው የሆነ ሰዎች አሉ፣ ከመቶ ስንት አስገባ፣ ስንት ሞከረ፣ ስንት ሪባውንድ ወሰደ እያሉ ስታትስቲክሱን ያያሉ፣ ጨዋታውንም ያያሉ፣ ሲዝኑ እየሄደ ከፍ ዝቅ ያረጉታል። እኔም ለተማሪ ከመቶ ስሰጥ እንደዛው ነው። አንድ ዓመት ረጅም ልጅ ነበረኝ፣ ሩጫ ላይ የመጨረሻ፣ ፑሽ አፕ ላይ አምስት ሳይሞላ የሚወድቅ፣ በወረቀቱ መሠረት 58 ሰጠሁት። ሜዳ ላይ ቅርጫቱ ሥር ሲቆም ግን ማንም አያልፈውም ነበር፣ እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ መቆሙ ብቻ ይበቃ ነበር። አባቱ መጥቶ "ልጄ በኳስ እንዲህ እየተመሰገነ እንዴት 58?" አለኝ። ምን ልመልስለት፣ ቅጹ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ጣና ዳር ያለው የክብደት ነገር ያኔ ቢገባኝ ኑሮ ቅጹን እቀይረው ነበር።

ሻኪል ኦኒልን ታውቁት እንደሆን፣ በሙያ ዘመኑ ሶስት ነጥብ የሞከረው 22 ጊዜ ነው፣ ያስገባው አንዷን። ፍሪ ትሮውም ከመቶ 53 ገደማ ነው፣ ማንም ሳይነካው ቆሞ የሚጥለውን ማለቴ ነው። ይህን አማካይ ውስጥ ክተቱት እስቲ። ሰውየው ከ28 ሺህ በላይ ነጥብ አስቆጥሮ ነው የወጣው፣ እዛው ቅርጫቱ ሥር ቆሞ።

ቁጥሩ የሚያናድደው ደግሞ እናንተን ብቻ አይደለም፣ ተጫዋቾቹንም ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2015 ሀሰን ዋይትሳይድ የሚባል የማያሚ ሴንተር ቺካጎ ላይ 14 ነጥብ፣ 13 ሪባውንድና 12 ብሎክ ሠርቶ ከሜዳ ሲወጣ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው የሚለፋው የቱኬ ሬቲንጉን ከፍ ለማረግ እንደሆነ ተናገረ። ኬቨን ዱራንትም በ2021 ቱኬ 22 ላይ 96 ሲሰጡት ለምን 99 አልሆንኩም ብሎ በአደባባይ ጠየቀ። ያን ዓመት ሌብሮንም ከሪም ያኒስም እኩል 96 ነበሩ። የተማሪ አባት ከቢሮዬ በር ላይ ቆሞ ያለውን ነው ሚሊየነሩም ያለው።

ማርቆስ ልጄ ያንተ ጌም ቤት ያለው ደግሞ ኢንተርኔት ነክቶ የማያውቅ ከሆነ ቁጥሩ ጌሙ በመስከረም 2019 ሲወጣ የነበረው ነው፣ እዛው ቆሟል። ዱራንት እዛ ላይ 96 ነው አይደል? በእውነተኛው ሜዳ ግን ያን ሲዝን አኪለሱ (የተረከዙ ጅማት) ተበጥሶ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። አንተ ስታነሳው ይሮጥልሃል።

የጥጉን ነገር በተመለከተ የእንጅባራዋ ልጅ ጥሩ ብለሻል፣ አንድ ልጨምርልሽ። በኤንቢኤ ሜዳ የሶስት ነጥብ መስመሩ ፊት ለፊት 7.24 ሜትር ነው፣ ጥጉ ላይ ግን 6.71 ነው። ግማሽ ሜትር ይቀርባል ለዛውም እኩል ሶስት ነጥብ። የማርቆስ ጓደኛ ዝም ብሎ አይደለም ጥግ የሚያቆማቸው።

ጣና ዳር

መምህር እናመሰግናለን፣ የሻክን አላውቀውም ነበር። የእንጅባራዋ ቴንደንሲውን ልጽፈው ብዬ ነበር ቀደምሽኝ፣ ግን ጊዜው ነው ዋናው ስትይ አልስማማም። ጌሙ ሩኪ በሚሉት ቀላሉ ደረጃ ላይ ሲሆን የለቀቅከው ሁሉ ይገባል ማለት ይቻላል፣ ሆል ኦፍ ፌም በሚሉት ከባዱ ደረጃ ላይ ስታረገው ጊዜው ጠባብ ይሆናል፣ በዛ ላይ ስላይደር የሚባል ስላለ ባለቤቱ እንደፈለገ ያሰፋዋል ያጠበዋል። ስለዚህ የዛ ጌም ቤት ጊዜና ያንች ላፕቶፕ ጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል፣ ቁጥሩ ግን ሁለቱም ጋ ያው ነው።

የእንጅባራዋ

ስላይደሩ ለሁለቱም ተጫዋች እኩል ከሆነ ምን ለውጥ አለው? ሁለቱም እዛው ቤት ነው የሚጫወቱት እኮ ጣና ዳር። ቁጥር ትወዳለህ።

ማርቆስ_23

ኧረ እናመሰግናለን፣ መምህር እርስዎን በተለይ፣ እግዜር ይስጥልን። ሰኞ ማታ ሄጄ የጣና ዳርን ነገር ሞከርኩት። ክሪኤት ፕሌየር ውስጥ ሰባት ጫማ የሆነ ሰው ሠራሁ፣ ስሙን በራሴ ስም አረግኩት፣ ሪባውንድና ብሎኩን ሰቀልኩት፣ ሴንተር ሁኖ 80ዎቹ ውስጥ ገባ። ከዛ አንድ ቁጥር ሳልነካ ቦታውን ብቻ ፖይንት ጋርድ አልኩት፣ ዓይኔ እያየ ዘጭ ብሎ 60ዎቹ ውስጥ ወረደ። ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት፣ "እና አሁን ምን ልሁን?" አለኝ። ምንም አልኩት።

ከዛ ጓደኛዬ መጣ። ዛሬ ሌብሮንን አንተ ውሰደው አልኩት፣ ደነገጠ። እኔ ኦቨርኦል ሳላይ ዝርዝር እየከፈትኩ ሶስት ነጥባቸው ደህና የሆኑ ሁለት ልጆች ያሉበትን ቡድን ያዝኩ፣ ኳሱን ለመሀለኛው እየሰጠሁ ወደ ጥግ ማውጣት ብቻ። የመጀመሪያው ሩብ ላይ የልጁ አለቃቀቅ አልገባ ብሎኝ የእንጅባራዋ እንዳለችው አምስቱን ሳትኩ፣ በአስራ አንድ መራኝ። ሁለተኛው ላይ እጄ ገባ። እሱ ደግሞ ልክ እንደኔ ሌብሮንን ይዞ ሶስት ሰው መሀል ይገባል፣ መስመሯ ቀይ ሁናለች አያያትም፣ ሳቄ ነው የመጣው ራሴን ነበር የማየው። አራተኛው ሩብ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በስድስት እየመራሁ ኳሱም እጄ ላይ እያለ መብራት ጠፋ።

ማርቆስን እውነቴን ነው፣ በስድስት። ጓደኛዬ "ያላለቀ ጨዋታ ውጤት የለውም፣ ማንም አይከፍልም" ይላል። ባለቤቱ ደግሞ "ተጫውታችኋል ክፈሉኝ፣ ማን እንደሚከፍል እናንተ ተነጋገሩ" አለና በሻማ ሂሳቡን ጻፈው። እስካሁን አልተከፈለም። እናንተ ጋ መብራት ሲጠፋ ማነው የሚከፍለው?

የቡሬው

እኛ ጋ እየተመራ የነበረው ነው የሚከፍለው። ግን በስድስት መምራትህን ያየ ሌላ ሰው አለ?